ቃሉ ሳይነገር መዘጋጀት፦ የእንግሊዝኛ ሊስኒንግ ባዶ ቦታዎችን የመሙላት አሠራር

ጣና ዳር ዓሣ ስትገዙ የሚሆነውን አስቡት። አጠገባችሁ ጀልባ ሞተሩን ያስነሳል። ልጆች ይጯጯኻሉ። ሻጩ ፊቱን ወደ ሚዛኑ አዙሮ ነው የሚያናግራችሁ። «ኪሎው ስንት ነው?» ትሉታላችሁ። የመልሱን ግማሽ ሞተሩ ይውጠዋል። እናንተ ግን ዋጋውን ሰምታችሁ ብር መቁጠር ትጀምራላችሁ። ጆሯችሁ ከሌላው ሰው ስለበለጠ አይደለም። የሚመጣው ቁጥር እንደሆነ አስቀድማችሁ ታውቃላችሁ። ያውም ማንኛውም ቁጥር ሳይሆን ካለፈው ሳምንት ዋጋ ብዙ የማይርቅ ቁጥር ነው።

አንዲት ጎረቤቴ ነርስ ናት። አይኤልትስ የሚባለውን የእንግሊዝኛ ችሎታ መመዘኛ ፈተና ልትፈተን እየተዘጋጀች ነው። ቅዳሜ ከሥራ ስትወጣ ሐይቁ ዳር ሾላ ሥር ቁጭ ብለን ሊስኒንግ፣ ማለትም የማዳመጥ ክፍሉን እንለማመዳለን። አንዱን ኢርፎን እሷ፣ አንዱን እኔ። የመጀመሪያው ቀን አሥር ባዶ ቦታ ካለው መልመጃ አራቱን ብቻ ሞላች። ኢርፎኑን ከጆሮዋ አውጥታ «ጋሼ፣ ቃሉን እየጠበቅኩ ያልፈኛል። ደግሞ አውቀዋለሁ እኮ! መልሱን ሳየው የማላውቀው አንድም የለም» አለችኝ።

እውነቷን ነው። የማታውቀው ቃል አልነበረም። የጎደላት ዓሣ ስትገዛ ሳታስበው የምታደርገው ነገር ነው። ወረቀቱ ላይ ስትደርስ ኦዲዮው እስኪናገር ዝም ብላ ጠበቀች። ምን ዓይነት ቃል እንደሚመጣ ሳታውቅ ጠበቀች። ያኔ የሚነገረው ሁሉ እኩል ይሆንባታል፤ የትኛውን እንደምትይዝ፣ የትኛውን እንደምትጥል አታውቅም።

ከዚያ ወዲህ አብረን የምንሠራበትን መንገድ እዚህ በቅደም ተከተል አስቀምጣለሁ። አይኤልትስን አስቤ ነው የጻፍኩት፤ ነገር ግን ሌላ ባዶ ቦታ የሚያስሞላ የሊስኒንግ ፈተና ለሚጠብቃችሁም ይሠራል።

በመጀመሪያ ስለ ፈተናው

የአይኤልትስ ሊስኒንግ 4 ክፍሎችና 40 ጥያቄዎች አሉት። 30 ደቂቃ ያህል ይወስዳል። ኦዲዮው የሚሰማው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ክፍል 1 ላይ ሁለት ሰዎች ስለ ዕለት ተዕለት ጉዳይ ያወራሉ፤ ቤት መከራየት፣ ጉዞ መመዝገብ፣ ዕቃ ጠፍቶ ማመልከት የመሳሰለውን። ክፍል 2 ላይ አንድ ሰው ብቻውን ስለ አንድ ቦታ ወይም አገልግሎት ያስረዳል። ክፍል 3 በተማሪዎች ወይም በተማሪና በመምህር መካከል የሚደረግ ውይይት ነው። ክፍል 4 ሌክቸር ነው። ባዶ ቦታ መሙላት በብዛት የሚያጋጥማችሁ ክፍል 1 እና ክፍል 4 ላይ ነው።

ውጤቱ «ባንድ» በሚባል ደረጃ ይሰጣል። ከ40 ጥያቄ 23 ያህሉን የመለሰ ሰው ባንድ 6 አካባቢ ያገኛል። 30 ያህሉን የመለሰ ባንድ 7 አካባቢ ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ሰባት ጥያቄ ነው። የእንግሊዝ የነርሶችና አዋላጆች ምክር ቤት ከውጭ አገር ለሚመጣ ነርስ ሊስኒንግ ላይ 7 ይጠይቃል። ጎረቤቴ የምትሮጠው ለእነዚያ ሰባት ጥያቄዎች ነው። ሰባቱ ደግሞ ባዶ ቦታዎቹ ውስጥ አሉ።

1. ትእዛዙን ሳታነቡ ጥያቄውን አትንኩ

ከእያንዳንዱ የጥያቄ ቡድን በላይ ስንት ቃል መጻፍ እንደሚፈቀድ ተጽፏል። «አንድ ቃል ብቻ»፣ «ከሁለት ቃል ያልበለጠ»፣ «አንድ ቃል እና/ወይም ቁጥር» ሊል ይችላል። በአንድ ፈተና ውስጥ ከክፍል ክፍል ይለያያል። ስለዚህ ክፍል 1 ላይ ያነበባችሁትን ይዛችሁ ክፍል 4 እንዳትገቡ።

እኔ መጀመሪያ በወሰድኩት ሞክ (የመለማመጃ) ፈተና ላይ በዚህ ተጎድቻለሁ። «አንድ ቃል ብቻ» የሚለውን አላየሁትም። «ላይብረሪ» ብሎ መጻፍ ሲበቃ «ዘ ላይብረሪ» ብዬ ጻፍኩ። ቃሉን ሰምቻለሁ፣ ስፔሊንጉም ትክክል ነው። «ዘ» ግን እንደ አንድ ቃል ስለሚቆጠር መልሱ ሁለት ቃል ሆነ። በዚህ ብቻ ሦስት ጥያቄ አጣሁ። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

የቃሉ ቁጥር ለግምትም ይጠቅማል። «አንድ ቃል» ከተባለ «ስዊሚንግ ፑል» ሊሆን አይችልም፤ «ፑል» ነው የሚሆነው። ሳትሰሙ ብዙ ነገር ከወዲሁ ወደቀላችሁ ማለት ነው።

2. የባዶ ቦታውን ግራና ቀኝ እዩ

ይህ ዋናው ሥራ ነው። ከእያንዳንዱ ክፍል በፊት ጥያቄዎቹን ለማንበብ ጥቂት ሰከንዶች ይሰጣችኋል። ብዙ ተፈታኝ በዚያ ጊዜ ጉሮሮውን ይጠራርጋል፣ እርሳሱን ያስተካክላል፣ ስሙን በትክክል መጻፉን እንደገና ያያል። እነዚያ ሰከንዶች ከኦዲዮው እኩል ዋጋ አላቸው። አንዷንም አታባክኑ።

ባዶ ቦታውን ሳይሆን ጎረቤቶቹን ተመልከቱ። ከፊቱ «ኤ» ካለ አንድ የሚቆጠር ነገር ይመጣል። «ኤን» ካለ ደግሞ ቃሉ በአናባቢ ድምፅ ይጀምራል፤ «አምብሬላ» ሊሆን ይችላል፣ «ኮት» ግን አይሆንም። ከፊቱ «ዘ» ኖሮ ከኋላው ስም ካለ የሚጎድለው ያንን ስም የሚገልጽ ቃል ነው። «ካን»፣ «መስት»፣ «ሹድ» ካለ ግሥ ይመጣል፤ ያውም ምንም ያልተጨመረበት ግሥ። «ቱ» ካለ ግን ጠንቀቅ በሉ። ግሥም ሊሆን ይችላል፣ የቦታ ስምም ሊሆን ይችላል። ያኔ ከ«ቱ» በፊት ያለውን ማንበብ ነው። የፓውንድ ወይም የዶላር ምልክት ታትሞ ካያችሁ ቁጥር ብቻ ጻፉ።

አሁን ለእኛ ለአማርኛ ተናጋሪዎች ብቻ የምነግራችሁ ነገር አለ። በመልመጃ መጻሕፍቱ ውስጥ አታገኙትም፤ የሚጻፉት ለዓለም ሁሉ ነውና።

እኛ «ሁለት ዓሣ ገዛሁ»፣ «አምስት ሰው መጣ»፣ «ሦስት ብርጭቆ አምጪ» እንላለን። ቁጥሩ ብዙ መሆኑን ከነገረን በስሙ ላይ «ኦች» መጨመር ግድ አይለንም። እንግሊዝኛ ግን ቁጥርም ተናግሮ ስሙ መጨረሻ ላይ «ኤስ» ይጨምራል። ጆሯችን ያቺን ኤስ መጠበቅ አልለመደም። በፈጣን ንግግር ውስጥ ደግሞ በጣም ቀጭን ድምፅ ናት፤ የሚቀጥለው ቃል ይውጣታል። እናም ተማሪው «ቲኬት» ብሎ ይጽፋል፤ መልሱ «ቲኬትስ» ነው፤ ነጥቡ ይሄዳል። ስለዚህ ኤሷን ለመስማት አትድከሙ፤ ከመስማታችሁ በፊት ወስኑ። ከባዶው ፊት «ሜኒ»፣ «ሰቨራል» ወይም ቁጥሩን ሁለትን («ቱ») ካያችሁ ገና ኦዲዮው ሳይጀመር «ይህ ብዙ ቁጥር ነው» በሉ። ከኋላው «አር» ወይም «ወር» ካለም እንደዚያው።

ሌላም አለ። የእኛ ቋንቋ ግሡን መጨረሻ ላይ ያስቀምጣል። «ልጁ ትናንት ከገበያ ዓሣ ገዛ» ስንል ምን እንደተደረገ የምናውቀው በመጨረሻዋ ቃል ነው። ስለዚህ እስከ መጨረሻው መጠበቅ ደማችን ውስጥ አለ። እንግሊዝኛ ግሡን ቀድሞ ይናገርና ዓሣውን፣ ገበያውን፣ ትናንትን ከኋላ ያስከትላል። ባዶ ቦታው ዓረፍተ ነገሩ መጨረሻ ላይ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ የሚጎድለው ስም ነው። ግሡን ስትሰሙ «መልሱ አሁን እየመጣ ነው» ብላችሁ ነቃ በሉ።

3. አንድ ፊደል አስቀምጡ

ግምቱን በዓረፍተ ነገር ለመጻፍ ጊዜ የለም። እኛ በአማርኛ ፊደል ምልክት እናደርጋለን። ከባዶው አጠገብ ስም ለሆነው «ስ»፣ ለግሥ «ግ»፣ ለቅጽል «ቅ»፣ ለቁጥር «ቁ»። ብዙ ቁጥር ከሆነ «ብ» እንጨምርበታለን። «ስብ» ማለት ኤስ ያለው ስም ማለት ነው። አንድ ፊደል ለመጻፍ አንድ ሰከንድ አይፈጅም። ጎረቤቴ መጀመሪያ ላይ «ፈታኙ ቢያየኝስ?» ብላ ፈርታ ነበር። የጥያቄ ወረቀቱ ላይ መጫጫር ይፈቀዳል፤ የመልስ ወረቀቱን ብቻ ንጹሕ አድርጉት። በኮምፒውተር የምትፈተኑ ከሆነ ምልክቱን በልባችሁ ያዙት፤ በወረቀት ሲለመድ ጭንቅላት በራሱ ይሠራዋል።

ከዚያ ለእያንዳንዱ ባዶ ቦታ ሁለት ወይም ሦስት ሊሆኑ የሚችሉ ቃላትን በፍጥነት አስቡ። ትክክለኛውን ቃል ማግኘት አይጠበቅባችሁም። ጆሯችሁ ወደ ሠፈሩ እንዲሄድ ብቻ ነው የምትፈልጉት።

4. የማይለወጠውን ቃል ያዙ

ወረቀቱ ላይ የምታነቡት ዓረፍተ ነገርና ኦዲዮው ውስጥ የሚነገረው አንድ ዓይነት አይሆንም። ወረቀቱ «ቺፕ» ይላል፤ ተናጋሪዋ «ኢት ዳዝንት ኮስት ማች» ትላለች። ወረቀቱ «ቻይልድረን» ይላል፤ እሷ «ኪድስ» ወይም «ዩር ሰን ኤንድ ዶተር» ትላለች። ወረቀቱ ላይ ያለውን ቃል ለመስማት የጠበቀ ሰው መልሱ ሲያልፍ ገና እየጠበቀ ነው።

ግን የማይለወጡ ቃላትም አሉ። የሰው ስም፣ የቦታ ስም፣ ዓመተ ምሕረት፣ የሳምንት ቀን፣ በሌላ ቃል ሊተኩ የማይችሉ የሙያ ስሞች። ከባሕር ዳር ወደ ዘጌ የሚሻገር የታንኳ ቀዛፊ ዓይኑን አንድ ዛፍ ላይ እንደሚተክል እናንተም ጥያቄው ውስጥ ያለችውን አንዲት የማትለወጥ ቃል አስምሩባት። እሷ ስትጠራ መልሱ ቅርብ ነው። የቀረውን ቃል ሁሉ ትርጉሙን ያዙት፤ ቃሉን አትጠብቁት።

5. ስሙ፤ ግምታችሁ ቢወድቅም ቅር አይበላችሁ

እዚህ ላይ ረዘም አድርጌ በምሳሌ ማሳየት እፈልጋለሁ። አንድ ቅዳሜ ለጎረቤቴ ራሴ መልመጃ አዘጋጀሁ። በስልኬ ድምፄን ቀዳሁ። የጣና ጀልባ ጉዞ ምዝገባ ነው። ቅጹን በእንግሊዝኛ አዘጋጅቼ ሰጠኋት፤ ወደ አማርኛ ሲመለስ ይህን ይመስላል፦

የተመዝጋቢው ስም፦ ሚስተር ______
የሰዎች ብዛት፦ ______
መነሻ ሰዓት፦ ጠዋት ______
የሚጎበኘው፦ አንድ ገዳም እና የ______ እርሻ
ይዘው የሚመጡት፦ ውሃ እና ______
ክፍያ፦ በ______ ብቻ

ግማሽ ደቂቃ ሰጠኋት። ስሙ አጠገብ ምንም አልጻፈችም። ሁለተኛውና ሦስተኛው ላይ «ቁ» አደረገች። እርሻው ላይ «ስ»፣ ይዘው የሚመጡት ላይ «ስ»፣ መጨረሻው ላይ «ስ»። ጥሩ ነው። ኦዲዮውን ከፈትኩ።

ስሙ፦ «ሪድ። አር፣ ኢ፣ አይ፣ ዲ።» ክፍል 1 ላይ ስም ሲመጣ ብዙ ጊዜ በፊደል ይዘረዘራል። ይህን አስቀድሞ መጠበቅ ነበረባት። ፊደሎቹን ሰማች፤ ሁለተኛዋን ግን አሳሳተች። ለምን? እኛ አማርኛን በላቲን ስንጽፍ «ቢ» ለማለት የምንጠቀመው ፊደል እንግሊዞች «አይ» የሚሉትን ነው። «ቤ» ለማለት ደግሞ እነሱ «ኢ» የሚሉትን። ስለዚህ «ኢ» ሲባል እጃችን ወደ አይ ይሄዳል፤ «ኤ» ሲባል ወደ ኢ። ብዙ ሰው እዚህ ይሰናከላል። የመፍትሔው ልምምድ ቀላል ነው። ኤ ሲባል የ«አፕል» መነሻ፣ ኢ ሲባል የ«ኤግ» መነሻ፣ አይ ሲባል የ«ኢንክ» መነሻ እያላችሁ በቀን ሃያ ጊዜ ጻፉ። አንድ ሳምንት ይበቃል። «ጂ» እና «ጄይ»ንም አብራችሁ ጨምሩ።

የሰዎች ብዛት፦ «ሰርቲን» አልኩ። «ሰርቲ» ነው ብላ 30 ጻፈች። አሥራ ሦስት ሲሆን ጉልበቱ ወደ መጨረሻው ይሄዳል፣ ድምፁም ይረዝማል፤ ሠላሳ ሲሆን መጀመሪያው ላይ ይጠነክርና መጨረሻው ቶሎ ይቆረጣል። ይህን በጆሮ መለየት ጊዜ ይወስዳል። ግን ግምት ያግዛል። ተናጋሪው ቀደም ብሎ «ስሞል ቦት» ብሎ ነበር። ትንሽ ጀልባ ሠላሳ ሰው ይጭናል? ዓሣ ሻጩ ጋ ያደረጋችሁትን እዚህም አድርጉ፤ ቁጥሩ ከአካባቢው ጋር ይሄዳል ወይ ብላችሁ ጠይቁ።

መነሻ ሰዓት፦ ተናጋሪው መጀመሪያ «ኤይት» አለ። ከዚያ «ባት» ብሎ ቀጠለ፤ ከሰዓት በኋላ ሐይቁ ላይ ነፋስ ስለሚነሳ፣ ቀደም ብለን ለመመለስ «ሀፍ ፓስት ሰቨን» እንነሳለን አለ። እዚህ ሁለት ወጥመድ አለ። አንደኛው ስምንትን ሰምቶ ጽፎ መተኛት ነው። «ባት»፣ «አክችዋሊ»፣ «ኦ፣ ሶሪ»፣ «ኢንስቴድ»፣ «ኖ፣ ዌይት» ስትሰሙ የጻፋችሁት ሊሻር እንደሚችል እወቁ። ፈታኞቹ የመጀመሪያውን ቁጥር ሆን ብለው ያስቀምጡታል። ሁለተኛው ወጥመድ የእኛ ብቻ ነው። እሷ ሰባት ተኩልን በትክክል ሰማች፤ አእምሮዋ ግን «አንድ ሰዓት ተኩል» ብሎ ተረጎመላትና 1:30 ጻፈች። ነርስ ናት፤ የፈረቃ ሰዓቷን ስታስብ የምትቆጥረው በሐበሻ ሰዓት ነው። ሰዓት ስትሰሙ አትተርጉሙ። የሰማችሁትን አሃዝ እንደ ወረደ ጻፉ፤ 7:30።

አሁን ዋናው መጣ። እርሻው። ኦዲዮው ገና እዚያ ሳይደርስ «ኮፊ» ብላ ጽፋ ጨርሳለች። ዘጌን የማያውቅ የባሕር ዳር ሰው ማን አለ? ዘጌ ሲባል ገዳም ነው፣ ገዳም ሲባል ቡናው አለ። ኦዲዮው ግን «ብዙ ቡድኖች የቡና እርሻ ያያሉ፤ እኛ ግን በዚህ ወር የፍራፍሬ እርሻ ነው የምንወስዳችሁ» አለ። መልሱ «ፍሩት» ነው። «ኮፊ» የሚለው ቃል ጆሮዋ ውስጥ ሲገባ «አገኘሁት» ብላ ዓይኗን ወደሚቀጥለው አሻገረች፤ የቀረውን አልሰማችም።

በጣም ያሰብኩበት ጉዳይ ይህ ነው። ግምት ያልለመደ ሰው ቃሉ ያልፈዋል። ግምት የለመደ ሰው ደግሞ ግምቱን ይወድና ኦዲዮውን ይረሳል። ሁለተኛው ከመጀመሪያው ይከፋል፤ ምክንያቱም ስህተት መሆኑን እንኳ አይጠረጥርም። በተለይ ስለ ጉዳዩ የሚያውቅ ሰው ይጎዳል። ነርስ ስለ ጤና ሌክቸር ስትሰማ፣ መምህር ስለ ትምህርት ቤት ሲሰማ፣ ከምናውቀው ይልቅ የተነገረውን መጻፍ ይከብደናል። ስለዚህ የቃሉን ዓይነት በጽኑ ገምቱ፤ ቃሉን ራሱን ግን በላላ እጅ ያዙት። ባዶው ላይ ከመስማታችሁ በፊት ምንም አትጻፉ። ይህን ከነገርኳት በኋላ ጎረቤቴ ኦዲዮው ጥያቄው ጋ እስኪደርስ እርሳሷን ከወረቀቱ አንስታ ትይዘዋለች። እኔም ወርሼዋለሁ።

ይዘው የሚመጡት፦ ኮፍያ፣ ካሜራ፣ ምግብ ይሆናል ብላ ገመተች። ተናጋሪው «ሹዝ» የሚለውን ቃል ጠራ። ግን ገዳሙ ሲገባ ጫማ ይወልቃል፤ ወለሉ ስለሚቀዘቅዝ ያስፈልጋችኋል ያለው «ሶክስ» ነው። ይህን በትክክል ጻፈች፤ ጫማ አውልቆ ቤተ ክርስቲያን መግባት ለእሷ አዲስ አይደለምና ጫማው መልስ እንደማይሆን ወዲያው ገባት። እውቀት እንዲህ ሲያግዝ ደስ ይላል። ኤሷንም አልረሳችም። ክፍያው «ካሽ» ነበር፤ እሱም ትክክል።

ከስድስት ሁለት። ግን ስህተቶቿን አንድ በአንድ ስናይ የማታውቀው ቃል አልነበረም።

6. ያመለጣችሁን ልቀቁት

መልሶቹ ኦዲዮው ውስጥ የሚመጡት በጥያቄዎቹ ቅደም ተከተል ነው። ይህ ትልቅ ዕርዳታ ነው። ዓይናችሁን ሁልጊዜ ሁለት ጥያቄዎች ላይ አድርጉ፤ አሁን ያላችሁበትና የሚቀጥለው። የሚቀጥለው ጥያቄ ጉዳይ መነገር ከጀመረ ያለፈው አልፏል ማለት ነው። ባዶውን ትታችሁ ቀጥሉ። «ምን ነበር ያለው?» እያላችሁ ስትቆዝሙ ሁለት ሌሎች ይሄዳሉ።

7. ክፍል 4 ላይ ርዕሶቹን አንብቡ

ሌክቸሩ መሀል ላይ ዕረፍት የለውም። አሥሩንም ጥያቄ አስቀድማችሁ ማየት አለባችሁ። የሚያግዛችሁ ማስታወሻው ላይ የተጻፉት ንዑስ ርዕሶች ናቸው። ስለ ደንገል አንድ ሌክቸር አለ እንበል። «ጥቅም» በሚለው ርዕስ ሥር «ታንኳ፣ ቅርጫት፣ ______» ተብሎ ቢጻፍ የሚጎድለው ከደንገል የሚሠራ ዕቃ ነው፤ ምንጣፍ ወይም ወረቀት ሊሆን ይችላል። በዝርዝር ውስጥ ያለ ባዶ ቦታ አብዛኛውን ጊዜ ከጓደኞቹ ጋር አንድ ዓይነት ነው። «ችግር» በሚለው ርዕስ ሥር ያለ ደግሞ መጥፎ ትርጉም ያለው ቃል ይሆናል። መምህሩ «ናው» ወይም «ተርኒንግ ቱ» ሲል ወደሚቀጥለው ርዕስ እየተሻገረ ነውና ዓይናችሁም ይሻገር።

8. ሲያልቅ

በወረቀት ስትፈተኑ መልሱን ወደ መልስ ወረቀት ለመገልበጥ 10 ደቂቃ ይሰጣችኋል። በኮምፒውተር ሲሆን መልሳችሁን ለማየት 2 ደቂቃ ብቻ ነው። የመጀመሪያዎቹ ምልክቶቻችሁ እዚህ እንደገና ይጠቅማሉ። «ስብ» ብላችሁ የጻፋችሁበት ላይ ኤስ አለ? «ግ» ያላችሁበት ላይ ስም ጽፋችኋል? ዓረፍተ ነገሩን ከመልሱ ጋር በልባችሁ አንብቡት። ከተንገዳገደ አንድ ነገር ጎድሎታል።

ስፔሊንግ ከተሳሳተ መልሱ ተሳሳተ። የእንግሊዝም የአሜሪካም አጻጻፍ ግን ተቀባይነት አለው። «አኮሞዴሽን» ሁለት ሲ፣ ሁለት ኤም አለው። «ዌንስደይ» መሀል ላይ የማይነበብ ዲ አለ። «ፌብሩዋሪ» ላይ ከቢ ቀጥሎ ያለችው አር ትረሳለች። ወራትንና ቀናትን ቁጭ ብላችሁ አንድ ጊዜ በደንብ ሸምድዱ።

ባዶ አትተዉ። ለተሳሳተ መልስ የሚቀነስ ነጥብ የለም። ካልሰማችሁት የመጀመሪያውን ግምታችሁን ጻፉበት።

ቤት ውስጥ እንዴት እንለማመድ

ኔትወርክ ባለበት ቀን ነፃ የናሙና ፈተናዎችን ከነኦዲዮአቸው ስልካችሁ ላይ አውርዱ። መብራት ሲጠፋም ኔትወርክ ሲጠፋም ሥራችሁ አይቆምም። በቀን ሃያ ደቂቃ በቂ ነው፤ በሳምንት አንድ ቀን ሦስት ሰዓት ከመቀመጥ ይሻላል።

ብቻችሁን ስትሆኑ ኦዲዮውን ከፍታችሁ ዓረፍተ ነገሩ ሳያልቅ አቁሙት። የሚቀጥለውን ቃል ጮክ ብላችሁ ተናገሩ። ከዚያ ልቀቁትና አመሳክሩ። ይህ ጨዋታ ይመስላል፤ ጆሮን እንደዚህ የሚያሠለጥን ነገር ግን አላየሁም። አዝማሪ ቤት ገብታችሁ የመጀመሪያውን ስንኝ ስትሰሙ የሁለተኛውን ቤት መምቻ አዝማሪው ሳይደርስበት ከአፉ ትቀሙት የለ? ያው ነው።

ጓደኛ ካላችሁ አንዱ የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ወስዶ አሥር ቃላት በእርሳስ ይሸፍን። ሌላው አንድ ደቂቃ ያንብብና ዓይነቱን ይገምት። ከዚያ የሸፈነው ሰው ሙሉውን ጮክ ብሎ ያንብብለት። ዋጋው የአንድ እርሳስ ብቻ ነው። አንዳንዴ ያለ ኢርፎን፣ ድምፅ ባለበት ቦታ ተለማመዱ፤ አንዳንድ የፈተና ክፍል ውስጥ ኦዲዮው የሚሰማው ከድምፅ ማጉያ ነው።

ስታርሙ ደግሞ ትክክልና ስህተት ብቻ አትቁጠሩ። በደብተራችሁ ላይ ሁለት ዓምድ አድርጉ። በአንዱ «ዓይነቱን ገምቻለሁ ወይ?»፣ በሌላው «ቃሉን አግኝቻለሁ ወይ?» በሉ። ዓይነቱ ትክክል ሆኖ ቃሉ ከጠፋ ችግሩ ጆሮ ወይም የቃላት ብዛት ነው፤ ብዙ መስማት ያስፈልጋችኋል። ዓይነቱ ራሱ ከተሳሳተ ግን ብዙ ብትሰሙም አይለወጥም፤ ተመልሳችሁ የባዶውን ግራና ቀኝ ማንበብ ነው ያለባችሁ።

የጎረቤቴ ደብተር እንደዚህ ነው። ባለፈው ቅዳሜ ከአሥር ባዶ ቦታ የዘጠኙን ዓይነት በትክክል ገመተች። ቃሉን ያገኘችው ሰባቱ ላይ ነው። ከቀሩት ሦስት ሁለቱን አብረን አየናቸው። ሁለቱም ላይ «ስብ» ብላ ምልክት አድርጋለች፤ ሁለቱም ላይ ኤሷን ሳትጽፍ ቀርታለች። «ጋሼ፣ ምልክቱን አድርጌ እኮ ረሳሁት!» አለች። የፊታችን ቅዳሜ የምንሠራው ኤስ ላይ ብቻ ነው።